ከዓረብ አገር በላክሁት ገንዘብ የተገዛው ቤት በባለቤቴ ስም ነው፤ ሽያጩን ማስቆም እችላለሁ?

ጠያቂ (ከጅዳ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጉዳዬ ረዘም ያለ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ከባለቤቴ ጋር በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በኒካህ ተጋባን፤ በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድን። ኑሮው አልገፋ ሲለን ተመካክረን በ2004 ዓ.ም. እኔ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄድሁ፤ ልጃችንን እናቴ ተረከበችልኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት እየሠራሁ ደመወዜን ለባለቤቴ ስልክ ኖሬያለሁ። በ2009 ዓ.ም. በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አንድ መኖሪያ ቤት ተገዛ። ካርታው የወጣው በእሱ ስም ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «አንቺ እዚህ ስለሌለሽ ነው፤ ስትመጪ እናስተካክለዋለን» አለኝ፤ እኔም አመንሁት።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ደውሎ፣ ደላሎች ሰው እያመጡ ቤቱን እንደሚያሳዩ፣ ባለቤቴም ከአንድ ገዢ ጋር ውል ተፈራርሞ ቀብድ መቀበሉን ነገረኝ። ባለቤቴን ስጠይቀው ቤቱ የራሱ እንደሆነ፣ እኔ የላክሁት ገንዘብ ደግሞ ለቀለብና ለልጅ ማሳደጊያ እንዳለቀ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም። ሽያጩን ለመጨረስ ከወረዳ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ለማውጣት እየሞከረ እንደሆነም ሰምቻለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ማስረጃ ማጣቴ ነው። ገንዘቡን አብዛኛውን ጊዜ የምልከው በሰው እጅ በሚሠራ ሐዋላ ስለነበር ደረሰኝ የለኝም፤ በባንክ የላክሁት ጥቂቱን ብቻ ነው። የኒካህ ወረቀታችንም በእሱ እጅ ነው። በስሙ በተመዘገበ ቤት ላይ መብት ይኖረኛል? ገንዘቡን የላክሁት እኔ መሆኔን ማስረዳት ካልቻልሁ ቤቱ ይቀርብኛል ማለት ነው? አገር ቤት ሳልገባ ሽያጩን ማስቆምስ ይቻላል? ፍቺ ልጠይቅ ወይስ ልታገሥ ገና አልወሰንሁም፤ ቤቱ ግን የልጄ መጠጊያ ስለሆነ እንዲሁ ሲሸጥ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

መልስ፦ ጠበቃ (ከአዲስ አበባ)

እህታችን፣ የጻፉትን በሙሉ አንብቤዋለሁ። በጥብቅና ሥራዬ ይህን የሚመስል አቤቱታ ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ በዝርዝር እመልስልዎታለሁ። ሰነዶቹን ስላላየሁ ግን መዝገቡን የሚይዝልዎት ባለሙያ አይቶ የሚሰጥዎት ምክር ከእኔ ይቀድማል።

ስለ ሐዋላው ደረሰኝ ያን ያህል አይጨነቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ተፈጻሚ የሚሆነው ተሻሽሎ የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 62 ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 63 ደግሞ ማንኛውም ንብረት፣ በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል ይላል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ገንዘቡን ማን እንደላከ አይደለም፤ ጋብቻው መቼ እንደተፈጸመና ቤቱ መቼ እንደተገዛ ነው። ጋብቻው በ2002 ዓ.ም. መፈጸሙን፣ ቤቱ በ2009 ዓ.ም. መገዛቱን ካስረዱ፣ ቤቱ የግሌ ነው የሚለው ባለቤትዎ የማስረዳቱን ሸክም ይሸከማል። ከጋብቻ በፊት በነበረው ገንዘብ ወይም በውርስና በስጦታ ባገኘው ሀብት ገዝቼዋለሁ ቢል እንኳ ያን በማስረጃ ማረጋገጥ አለበት፤ ከዚህም በላይ በአንቀጽ 58 መሠረት በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት የግል የሚሆነው ከተጋቢዎቹ አንዱ አመልክቶ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ ሲወስን ነው። ቤቱ ተከራይቶ ከሆነም የኪራዩ ገቢ በተመሳሳይ መንገድ የጋራ ነው።

የዚሁ ሕግ ሌላኛው ወገን ግን ላያስደስትዎት ይችላል። ደመወዝዎ የጋራ ሀብት ነው ካልን፣ ጋብቻው በፍቺ ቢፈርስ ቤቱ በአንቀጽ 90 መሠረት እኩል ይካፈላል። የለፋሁት እኔ ብቻ ስለሆንሁ ሙሉው ይገባኛል የሚለው ክርክር በመደበኛው ፍርድ ቤት ብዙ አያስኬድም። ክፍፍሉ በዓይነት የማይቻል ሆኖ አንዱ የሌላውን ድርሻ ግምት ከፍሎ ለማስቀረት ካልተስማሙ ቤቱ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ይካፈላል። በዚህ ደረጃ ላይ በጣም የተለመደ አንድ መሰናክልም አለ፦ ለቤቱ መግዣ ከወንድሜ ወይም ከጓደኛዬ ተበድሬያለሁና ዕዳው ይቀነስልኝ የሚል ክርክር ይቀርባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ስለሆነ፣ ክርክሩ ሲጀመር በድንገት ብቅ የሚል የብድር ወረቀት መቼና እንዴት እንደተጻፈ ጠበቃዎ በጥንቃቄ መመርመር ይኖርበታል።

አሁን የሚያስቸኩለው የጋብቻው ማስረጃ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በኒካህ የተጋባ ሰው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ባይኖረው የሚያስደንቅ ነገር የለም፤ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ ባለመመዝገቡ ብቻ ዋጋ አያጣም። ኒካሁን ያሰረው ሰው ወይም ክፍል ቅጂ ካለው ያንን ያስፈልጉ። ከሌለም ሕጉ ከአንቀጽ 95 ጀምሮ ጋብቻን በትዳር ሁኔታ መኖር ማስረዳት እንደሚቻል ይፈቅዳል፦ እናንተ ራሳችሁን እንደ ባልና ሚስት ትቆጥሩ እንደነበር፣ ቤተሰብና ጎረቤትም እንደዚያው ያያችሁ እንደነበር በምስክር ይረጋገጣል። ኒካሁ ላይ የነበሩት ሰዎች፣ የልጃችሁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ፣ ባለቤትዎ ቀድሞ ያገባሁ ነኝ ብሎ የሞላው ማንኛውም ሰነድ ሁሉ ይጠቅማል። የሚስትነት ማስረጃ እንዲሰጥዎት ለአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ባለቤትዎ ቀርቦ ጋብቻውን ከካደ ግን ነገሩ ወደ ሙሉ ክርክር ሊገባ ስለሚችል ምስክሮችዎን ከአሁኑ ያዘጋጁ።

ሽያጩን በተመለከተ፣ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንደኛው ተጋቢ ያለ ሌላው ስምምነት መሸጥም ሆነ በዋስትና ማስያዝ እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ ተጥሶ የተደረገ ውል እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። አንቀጽ 69 መብቱን የሚሰጠው ውሉ መኖሩን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የቀብዱን ውል ባለፈው ወር ስለሰሙ ቀኑ መቆጠር ጀምሯል ብለው ያስቡ። ፍቺ ለመጠየቅ አለመወሰንዎ ለዚህ ክስ እንቅፋት አይሆንም፤ ጋብቻው ጸንቶ ሳለም ያለ ፈቃዴ የተደረገው የሽያጭ ውል ይፍረስልኝ ብለው ከስሰው፣ ከክሱ ጋር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ቤቱ እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር የእግድ ትእዛዝ ይጠይቁ። ፍቺውን ከመረጡም ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ የለብዎትም፤ የፍቺው አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ንብረቱ፣ ስለ ልጅዎ አስተዳደግና ስለ ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል።

ለዚህ ሁሉ እርስዎ መምጣት አይጠበቅብዎትም። ጅዳ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ለወንድምዎ ውክልና ይስጡ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል። ወንድምዎ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ የጥብቅና ፈቃድ ባይኖረውም በውክልናው ሊቀርብልዎት ይችላል።

መልስ፦ ከቤይሩት የተመለሰች

እህቴ፣ አይዞሽ። የጠበቃው ማብራሪያ እኔ ካየሁት ጋር ስለሚስማማ እኔ የምጨምረው ወንድምሽ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር የሚገጥመውን ነው። ከክፍለ ከተማው የይዞታ ጽሕፈት ቤት ሄዶ በቃል ወይም በተራ ማመልከቻ ሽያጩን አቁሙልኝ ቢል የፍርድ ቤት እግድ አምጣ ይሉታል፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ አያጥፋ። እግዱ ሲሰጥም ሥራው አላለቀም። ዳኛው ካዘዙ በኋላ ትእዛዙ በደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበትና ወጪ ሆኖ መውጣት አለበት፤ እሱንም አብዛኛውን ጊዜ አድርሱ ተብሎ የሚሰጠው ለአመልካቹ ነው። ወንድምሽ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ሰጥቶ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትቶ ይያዝ፤ በዚያው ሳይመለስ ደግሞ ደብዳቤው ከቤቱ ፋይል ጋር መያያዙን ጠይቆ ያረጋግጥ። በእኔ ጉዳይ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ባለቤቴ የስም ዝውውሩን ሊያስጨርስ በሌላ መስኮት ቆሞ ነበር። ያዳነኝ እኅቴ ፋይሉ ካለበት ክፍል ድረስ ሄዳ ሠራተኛው በፊቷ እንዲያያይዘው መለመኗ ነው። የእግዱ ቅጂ ለሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባም ይድረስ፤ የሽያጭ ውሉ የሚጸድቀው እዚያ ነውና።

ቀብድ የሰጠውን ሰው ካወቃችሁትም ሻጩ ባለ ትዳር መሆኑን፣ ሚስቱም አለመስማማቷን በጽሑፍ አሳውቁት። ብዙ ገዢ ክርክር ያለበት ቤት መሆኑን ሲሰማ ቀብዱን አስመልሶ ይሄዳል፤ ባይሄድም በኋላ አላወቅሁም ብሎ ለመከራከር ይቸግረዋል።

ከባለቤትሽ ጋር በኢሞና በዋትስአፕ የተለዋወጥሽውን ደግሞ እንዳታጠፊው። ቤቱ ሲገዛ «ቤት ገዛን» ብሎ የላከው ድምፅ፣ የበሩን ቀለም ያሳየሽ ፎቶ፣ ብር ደርሶኛል ያለበት መልእክት ካለ ስልኩንም ጭምር ጠብቂው፤ ስልክ ብትቀይሪ አሮጌውን አትሽጪው። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካጠረሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል ሰውም በደሃ ደንብ ከፍሎ ሳይሆን አመልክቶ መክሰስ የሚቻልበት ሥርዓት አለ።

መልስ፦ ከደሴ

ለእኅታችን አላህ ይርዳት። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ግማሹ ብቻ ይገባሻል መባሉ ልቤን አሳዝኖታል። በሸሪዓ እኮ የሚስት ንብረት የሚስት፣ የባል ንብረት የባል ነው። ሴት ልጅ በላቧ ያገኘችውን ባሏ የመውሰድ መብት የለውም፤ እሷንና ልጇን የመቀለብ ግዴታውም የእሱ ነው። እንግዲያው እኅታችን ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ብትወስደው ቤቱ በሙሉ የእሷ አይሆንም ወይ?

በእኛ አካባቢ ከዚህም የባሰ አለ። ብዙ እኅቶች ከባቲም፣ ከሐርቡም፣ ከኮምቦልቻም ሄደው ገንዘቡን ለወንድም ይልኩና ቤቱ በወንድም ስም ይሠራል። በዚያ ጊዜ ሚስትነት ስለሌለ በስሟ ያልሆነው ንብረት የጋራ ነው የሚላት ሕግ አታገኝም። በጽሑፍ የተያዘ ውል ከሌላት ሽማግሌ ፊት ከማልቀስ በቀር መድረሻ ያጣችውን አውቃለሁ። ይህን የምታነቡ እኅቶች በቤተሰብ ስም ከማሠራታችሁ በፊት ቤቱ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ውል በሕጋዊ ቢሮ አስጽፉ።

ጠያቂ (ከጅዳ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ሌሊቱን በጥቂቱም ቢሆን እንቅልፍ አገኛለሁ። ከደሴ የጻፉልኝ ወንድም ያነሡት ጥያቄ እኔንም የሚመለከት ነው፤ ምክንያቱም የባለቤቴ ሽማግሌዎች ወንድሜን ጠርተው፣ ኒካህ ያሰረውን ኒካህ ይፍታው፣ ነገሩ በሸሪዓ ይታይ፣ እሷም በዚህ ተስማምቻለሁ ብላ ወረቀት ትላክልን ብለውታል። እኔ ሃይማኖቴን የምወድ ሴት ነኝና እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ብስማማ ደግሞ ምን እንደምፈርም አላወቅሁም። ልጄን እናቴ ጋር ማቆየቴስ ይጎዳኛል?

መልስ፦ ጠበቃ (ከአዲስ አበባ)

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992ም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ወረቀት የጠየቁት ያለ እርስዎ ፈቃድ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት ስለማይችል ነው። ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መሄድም ሃይማኖትን መተው አይደለም፤ ሕጉ ሁለቱንም በሮች ክፍት አድርጎ የተወው ለሙስሊም ዜጎች ምርጫ ሲል ነው።

ከደሴ የጻፉት ወንድም የሸሪዓውን መርሕ በትክክል አስቀምጠውታል፤ ውጤቱ ግን በማስረጃው ይወሰናል። በሸሪዓ ንብረቱ የየራስ ከሆነ፣ ካርታው በእሱ ስም ያለውን ቤት የገዛሁት እኔ ነኝ የምትል ሚስት ገንዘቡ ከእሷ መምጣቱንና ለዚሁ ቤት መዋሉን ማስረዳት ይኖርባታል። እርስዎ ደግሞ አብዛኛውን የላኩት ያለ ደረሰኝ ነው። ስለዚህ በአንደኛው መንገድ ሙሉውን ለመጠየቅ በር አለ፣ የማስረዳቱ ሸክም ግን በእርስዎ ላይ ይወድቃል፤ በሌላኛው ግማሹን ያገኛሉ፣ የሕጉ ግምት ግን ከእርስዎ ጋር ይቆማል። በባንክ የላኩት፣ የድምፅ መልእክቱና የሐዋላው ሰዎች ምስክርነት ተደምሮ ጠንካራ ካልሆነ በቀር እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ያልተከፈለ መህር (በኒካህ ባል ለሚስቱ ሊሰጥ የሚገባው ስጦታ) ካለዎት ግን ለባለሙያዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ እሱ ለብቻው የሚታይ ጥያቄ ነው።

ፈቃድዎን አንዴ በጽሑፍ ከሰጡ በኋላ መመለስ ስለሚያስቸግር ሽማግሌዎቹ የጠየቁትን ወረቀት ሳያማክሩ አይላኩ። ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ቢደርስዎት ደግሞ በዝምታ አይለፉት። መጥሪያ በሕጉ መሠረት ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ተቆጥሮ ነገሩ በሌለበት ሊታይ ይችላል፤ ወንድምዎ በውክልናው ቀርቦ አለመስማማትዎን በግልጽ ያስመዝግብ። እርቁን ግን አይግፉት። ሽማግሌዎቹ ካርታው በሁለታችሁ ስም እንዲሆን ማድረግ ከቻሉ ከሁሉ ይሻላል፤ ስምምነቱ ተጽፎ ፊርማ እስኪያርፍበትና እስኪጸድቅ ድረስ ግን ክሱንና እግዱን አያንሡ፤ የ6 ወሩ ጊዜ ለሽማግሌ ተብሎ አይቆምም።

ልጅዎ እናትዎ ዘንድ መኖሯ መብትዎን አያሳጣዎትም። ፍቺ ቢመጣ ፍርድ ቤቱ ስለ አስተዳደጓ የሚወስነው የሁለታችሁን ገቢ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ ከሁሉም በላይ የልጅቱን ዕድሜና ጥቅም አይቶ ነው። አባቷም አብራው ኖረች አልኖረች ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት።

በውክልናው ላይ ለወንድምዎ የሚሰጡት ሥልጣን፣ ክስ ለመመሥረትና ለመከራከር፣ ጠበቃ ለመወከል፣ እግድ ለመጠየቅ፣ የሚስትነት ማስረጃ ለማውጣት፣ ይግባኝና ሰበር ለማቅረብ፣ ከፍርድ ቤትና ከመሥሪያ ቤቶች ሰነድ ለመቀበል የሚል ይሁን። የፍቺ ክስ ለማቅረብ ከወሰኑ «ፍቺ» የሚለው ቃል ራሱ መጻፍ አለበት፤ በጥቅሉ «ማናቸውንም ጉዳይ» የሚል ውክልና ለዚያ አይበቃም። ለመሸጥ፣ ለመለወጥና በስሙ ለማዛወር የሚሉት ግን አይግቡበት፤ የቆንስላው የተዘጋጀ ቅጽ እነዚህን የሚያካትት ከሆነ እንዲወጡ ይጠይቁ። ለመታረቅ የሚለውንም ቢሆን እርስዎ በጽሑፍ ሳያጸድቁት ስምምነቱ እንዳይጸና አድርገው ያስጽፉት።